ዓይኑን ተዉት፣ መጀመሪያ ሰውየውን ሳሉ፦ የሰውነትና የፊት ስዕል ልምምድ ለጀማሪ

ክረምት ላይ የደሴ ጉም ሲወርድ ጦሳ ተራራ ይጠፋል። ፒያሳም ቢሆን ግማሹ ይጠፋል። ከሃያ ሠላሳ ሜትር ወዲያ ያለ ሰው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው። ግን ጓደኛችሁ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ገና ፊቱ ሳይለይ ታውቁታላችሁ። ዓይኑን አላያችሁም፤ አፍንጫውንም አላያችሁም። አንድ ትከሻው ዘቅዘቅ ብሏል፣ እጁን ኪሱ ከቶ አንገቱን ቀብሮ ይራመዳል። በቃ፣ እሱ ነው።

ሰው መሳል ስጀምር ይሄን ልብ አላልኩም ነበር። እንደ ብዙ ጀማሪ ከዓይን ነው የጀመርኩት። ሽፋሽፍት አንድ በአንድ፣ ብሌኑ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ሳትቀር። ስልኬ ላይ የማያቸው ቪዲዮዎችም አብዛኞቹ ከዚያው ነበር የሚጀምሩት። ሁለት ሰዓት ፈጅቼ አንድ ያማረ ዓይን እሠራለሁ። ከዚያ ቀሪው ፊት ወረቀቱ አይበቃውም። ወይ አገጩ ከታች ይቆረጣል፣ ወይ ግንባሩ ሁለት ጣት ይሆናል።

አንድ ቀን አክስቴን ቡና ስታፈላ ሳልኳትና አሳየኋት። አየት አደረገችና፣ "ይቺማ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለችው ማርያም ናት። እኔ የታለሁ?" አለች። እውነቷን ነው። የቤተክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ፊትን ከፊት ለፊት፣ ዓይንን ትልቅ አድርገው የሚስሉት መሳል አቅቷቸው አይደለም። ጻድቁን ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ፣ ክፉውን ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን የመሳል ልማድ አላቸው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን የማን ወገን እንደሆነ ይለያል። የራሱ ሕግ ያለው ትልቅ ጥበብ ነው። ብቻ ሕጉ የወጣው አክስቴን ለማስመሰል አይደለም።

የዚያኑ ዕለት በደብተሬ ጠርዝ ላይ ከጀርባዋ በኩል ጫር ጫር ያደረግኋት አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀችም። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን ደብተሩን አገላብጣ እሷ ላይ ስትደርስ ሳቀች። "ውይ! ይቺማ ራሷ ናት፤ እሳቱን እፍ ስትል።" ፊት የለውም። ሻሽ፣ ጎበጥ ያለ ጀርባ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ራስ። አራት መስመር ቢሆን ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የመጣው ከዚያች ስዕል ነው። መጀመሪያ መላ ሰውነት፣ ቀጥሎ ልክ፣ ቀጥሎ የራስ ቅል፣ ቀጥሎ ጥላ። ዓይን መጨረሻ።

ዕቃ

ብዙ አያስወጣም። ኤችቢ እና 2ቢ እርሳስ ማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አይጠፋም። 4ቢ ወይም 6ቢ ካገኛችሁ ጨምሩ። ከ"ቢ" ፊት ያለው ቁጥር በጨመረ መጠን እርሳሱ እየለሰለሰና እየጠቆረ ይሄዳል። "ኤች" የሚል የተጻፈበት ደረቅና ፈዛዛ ነው፤ ለእኛ ሥራ ብዙም አይጠቅምም።

እርሳሱን በምላጭ ቅረጹት። መቅረጫ የሚያወጣው ጫፍ አጭር ነው። እኛ የምንፈልገው ረዘም ያለ ጫፍ ነው፤ በጎኑ አስተኝተን ሰፊ ቦታ እንድናጠቁርበት።

ወረቀት ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ይሁን። ውድ የስዕል ደብተር ለጊዜው አትግዙ። ገጹን ላለማበላሸት ስትጠነቀቁ እጃችሁ ይታሰራል፤ በእኔ ደርሷል። ወረቀቱን ጠንካራ ካርቶን ላይ በክሊፕ ያዙት። ሁለት ሦስት ካኪ ፖስታም ግዙ፣ አንድ ነጭ ጠመኔም አስቀምጡ። ምን እንደሚያደርጉልን በኋላ እነግራችኋለሁ።

የስዕል ከሰል ካላገኛችሁ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። የምድጃ ከሰል አይሆንም፤ ደረቅ ስለሆነ ወረቀት ይቧጭራል። የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ለስላሳ ቀንበጦች ቁረጡና ልጣጫቸውን አንሱ። ሲደርቁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጥቋቸው። ክዳኑን በሚስማር አንዴ ብሱትና ቆርቆሮውን ፍም ውስጥ ቅበሩት። ከቀዳዳው ጭስ መውጣቱን ሲያቆም አውጡት። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ግን አትክፈቱት። አየር ከገባው ይነድና አመድ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ማንን ልሳል?

ከተማ ውስጥ ሞዴል ከፍሎ ማስቀመጥ ለጀማሪ ቅንጦት ነው። አያስፈልግምም። ወሎ ውስጥ ሰው ሲቀመጥ ተቀመጠ ነው።

ቡና አንደኛ ነው። ከመቁላቱ እስከ በረካው ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። አፍዪዋ ተመሳሳይ እንቅስቃሴ እየደጋገመች ትሠራለች፤ እንግዶቹ ደግሞ ስኒያቸውን ይዘው ወሬ ላይ ናቸው። ያመለጣችሁ አቀማመጥ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛ ፀጉር ቤት። የሚቆረጠው ሰው ራሱን ቀጥ አድርጎ ከመያዝ ሌላ ምርጫ የለውም። ብርሃኑ በአንድ በር በኩል ይገባል። መስታወቱ ደግሞ ከኋላ ሆናችሁ ፊቱንም ያሳያችኋል። ተራ የሚጠብቅ ሰው መስላችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ ባለቤቱን ግን አስፈቅዱ። በረንዳ ላይ የሚሠራ ልብስ ሰፊም ጥሩ ነው፤ ያቺው ጎንበስ ማለት፣ ያው እግር። በርጫ ላይ ያለ ሰውማ ምን ልበላችሁ፣ ከቀኝ እጁ በስተቀር የሚነቃነቅ ነገር የለውም። (ቃሙ አላልኩም። ሳሉ ነው ያልኩት።)

ለፈጣን ስዕል መናኸሪያና ገበያ ይሻላል። የባቲ የሰኞ ገበያ ላይ የአፋሩ፣ የኦሮሞውና የአማራው አለባበስ ባንድ ሜዳ ይገናኛል። ሽርጥ የታጠቀ፣ ጋቢ የደረበ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሰቀለበት። ዱላ የያዘ ሰው ለጀማሪ በረከት ነው። ዱላው ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ የሰውነቱ መታጠፍ ከእሱ አንጻር ፍንትው ብሎ ይታያል።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር። ከሩቅ፣ ፊት ሳይለይ መጫር ችግር የለውም። ፊቱን የምትስሉትን ሰው ግን ጠይቁ። አንዳንዱ ያፍራል። አንዳንዱ ነፍስ ያለውን ነገር መሳል በሃይማኖቱ ደስ አይለውም። "አይ ይቅርብኝ" ካለ "እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ" ብሎ እርሳስን ማስቀመጥ ነው፤ ክርክር የለም። የተፈቀደላችሁን ደግሞ ስትጨርሱ አሳዩት። ይስቅባችሁ ይሆናል፤ አብሽሩ።

አቦል፦ ሠላሳ ሰከንድ

ልምምዱን ከቡናው ጋር ማስኬድ እወዳለሁ። ሰዓት ማየት አያስፈልግም። አቦል እስኪቀዳ ፈጣን ስዕል፣ እስከ ቶና ልክ፣ እስከ በረካ ጥላና ፊት።

ፈጣን ስዕል ማለት ሠላሳ ሰከንድ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ። በዚያ ጊዜ ጣት አይሳልም፤ ቁልፍም አይሳልም። አንድ ጥያቄ ብቻ ትመልሳላችሁ፦ ይሄ ሰው ምን እያደረገ ነው? ተደግፏል? ተሸክሟል? ጎንበስ ብሏል?

እርሳሱን እንደ መጻፊያ ጫፉ ላይ አትያዙት። ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ ያዙትና ከትከሻችሁ አንቀሳቅሱት። መጀመሪያ ራሱን በአንዲት እንቁላል ቅርጽ አስቀምጡ። ከዚያ ከራሱ ተነስቶ በአንገት፣ በጀርባ አጥንት በኩል ክብደቱ እስካረፈበት እግር ድረስ የሚወርድ አንድ ረጅም መስመር ጣሉ። ይሄ መስመር ነው ስዕሉ። ቀጥ ብሎ አይወርድም ማለት ይቻላል፤ ወይ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል፣ ወይ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። ቀጥሎ ሁለት አጫጭር መስመሮች፦ አንዱ ትከሻ፣ አንዱ ዳሌ። ወዴት እንዳዘነበሉ ብቻ። በመጨረሻ እጅና እግር፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ መስመር።

የዘንበልታውን ነገር ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ላይ እዩት። ብዙ ሲቆም ይደክመዋልና ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ይጥላል። ያን ጊዜ ክብደት በያዘው እግር በኩል ዳሌው ወደ ላይ ይወጣል፣ በዚያው ጎን ትከሻው ደግሞ ዝቅ ይላል። ሁለቱ መስመሮች እንደ ተከፈተ መቀስ ይሆናሉ። ጀማሪ ግን ሁለቱንም አግድም ያሰምራል፤ ስዕሉም መታወቂያ ካርድ ሊነሳ የቆመ ሰው ይመስላል።

የሳላችሁት ሰው የሚወድቅ ከመሰለ በክር ፈትሹ። ክር ላይ ቁልፍ እሰሩና በአንድ እጃችሁ አንጠልጥሉት፤ ክሩ ከሰውየው አንገት ሥር ካለችው ጎድጓዳ ላይ እንዲያልፍ አድርጋችሁ እዩ። በአንድ እግሩ የቆመ ሰው ከሆነ ክሩ ክብደቱን የያዘው እግር አጠገብ ያርፋል። በስዕላችሁ ውስጥም እዚያው ማረፍ አለበት። የተደገፈ ሰው ከሆነ ግን አይሠራም፤ ያን ጊዜ ግድግዳውን መሳል እንዳትረሱ።

ከእነዚህ በቀን አሥር ሥሩ። አስቀያሚ ይሆናሉ። ሁሉም ይሁኑ። አሥር በቀን በወር ሦስት መቶ ነው፤ ለውጡ የሚመጣው ከብዛቱ ነው። አታጥፉ፣ አትቅደዱ። ጥግ ላይ ቀኑን ጻፉና እለፉ።

ቶና፦ ልክ

እዚህ ጊዜ ወስደን እንቆይ። መመሳሰል የሚገኘው እዚህ ነው።

መለኪያችን ራስ ነው። ከአናት እስከ አገጭ አንድ ራስ በሉት። አዋቂ ሰው ሲቆም በአማካይ ሰባት፣ ሰባት ተኩል ራስ ነው። የጥንቱ ሮማዊ የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ራስ የቁመት አንድ ስምንተኛ ነው ብሎ ነበር። ስምንት ራስ ግን ጀግና ያስመስላል፤ ለሐውልት ጥሩ ነው፣ ለአጎቴ አይሆንም። ሕፃን ሲወለድ አራት ራስ ያህል ብቻ ነው፣ በአምስት ስድስት ዓመቱ አምስት ተኩል ስድስት ይደርሳል። ልጅ ስላችሁ ትንሽ ሽማግሌ ከመሰለባችሁ ምክንያቱ ይሄው ነው፤ ራሱን አሳንሳችሁበታል።

ሌሎች የሚያዙ ልኮች፦ የቁመት ግማሽ ወገብ ላይ አይደለም፣ ከዚያ ወረድ ብሎ ጭን የሚጀምርበት ላይ ነው። ክርን ሲወርድ ወገብ አካባቢ ይደርሳል፣ የጣት ጫፍ የጭን መሐል። መዳፋችሁን ከአገጫችሁ ወደ ላይ ዘርጉ፤ የመሐል ጣታችሁ ፀጉራችሁ የሚጀምርበት አካባቢ ይደርሳል። አሁኑኑ ሞክሩት። ከዚያ ወደ ስዕላችሁ ተመለሱና እጁን እዩ። አንሶባችኋል አይደል? የሁሉም ጀማሪ እጅ ያንሳል። እግርም እንዲሁ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ ክርናችሁ እንዳይታጠፍ። ክንዱ ከታጠፈ ልኩ በየጊዜው ይቀየራል። አንድ ዓይን ጨፍኑ። እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ጫፉን ከሰውየው አናት ጋር አስተካክሉ፣ አውራ ጣታችሁን አገጩ ላይ አምጡ። ያ አንድ ራስ ነው። አውራ ጣታችሁን ሳታንቀሳቅሱ እርሳሱን ወደ ታች እያወረዳችሁ ቁጠሩ። ስንት ራስ ጉልበቱ ጋ ደረሰ? ያን ቁጥር ወረቀቱ ላይ መልሱት። ወረቀቱ ላይ ያለው ራስ በእርሳሱ ካያችሁት ጋር እኩል መሆን የለበትም፤ ቁጥሩ ብቻ አንድ ይሁን።

አክስቴ ግን አትቆምም። አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ወደ እኔ ነው። የተቀመጠ ሰው ከአናት እስከ መቀመጫው አራት ራስ ገደማ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ጭኗ ነው። ጭን ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ረጅም አድርጌ ሳልኩት፤ አክስቴ ከበርጩማው ላይ እየተንሸራተተች ወደ ረከቦቱ የምትሄድ መሰለች። በእርሳስ ስለካው ወደ እኔ የዞረው ጭን ከግማሽ ራስ አይበልጥም ነበር። ጉልበቱ ራሱ ጭኑን ሸፍኖታል። አላመንኩም፤ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንድ ዘዴ አለ። አካሉን ተዉትና ክፍት ቦታውን ሳሉ። አክስቴ ጀበናውን ስትይዝ በክንዷ፣ በደረቷና በጉልበቷ መሐል አንድ ሦስት ማዕዘን ይፈጠር ነበር። በዚያ ውስጥ የሚታየው የግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው። ሦስት ማዕዘን እንዴት መምሰል እንዳለበት አስቀድሞ የሚያውቅ ጭንቅላት የለም፤ ስለዚህ እጃችሁ ያየውን ይስላል። ያንን ቅርጽ በትክክል ስትስሉ ክንዱም ጉልበቱም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ራስ

ፊት ከመምጣቱ በፊት የራስ ቅል። ብርቱካን አስቡ። ክብ ነው። ግራና ቀኙን በቢላ ቀጠን አድርጋችሁ ቁረጡለት፤ የራስ ቅል ጎኑ እንደዚያ ጠፍጣፋ ነው። ጆሮ የሚመጣው እዚያ ጠፍጣፋው ላይ ነው።

አሁን ወረቀቱ ላይ ክብ ሥሩ። በክቡ ወገብ የሚዞር መስመር አድርጉ፤ ይሄ የቅንድብ መስመር ነው። ከላይ ወደ ታች ፊቱን ለሁለት የሚከፍል ሌላ መስመር አውርዱ። ፀጉር ከሚጀምርበት እስከ ቅንድብ ያለውን ርቀት ያዙና ያንኑ ያህል ከቅንድብ ወደ ታች ውረዱ፤ የአፍንጫ ሥር። አንዴ ደግሞ ያንኑ ያህል ውረዱ፤ አገጭ። ከክቡ ጎን ተነስታችሁ መንጋጋውን ወደ አገጩ አገናኙ። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ባለው መሐል ነው። የከንፈር መጋጠሚያ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ካለው አንድ ሦስተኛው ላይ።

ዓይን የት ነው? ከአናት እስከ አገጭ ልክ መሐሉ ላይ። ብዙ ሰው አያምንም። በመስታወት ፊት እርሳስ ይዛችሁ ለኩ። ዓይን ከግንባር ጋር ነው ብለን ስለምናስብ ወደ ላይ እንሰቅለዋለን፤ የፀጉሩን ከፍታ እንረሳለን። ውጤቱ አናቱ የተቆረጠ ሰው ነው። በሁለት ዓይን መሐል አንድ ዓይን የሚያህል ክፍተት አለ፤ የፊት ስፋት በአጠቃላይ አምስት ዓይን ገደማ ነው።

እነዚህ ሁሉ አማካይ ናቸው። አማካይ ሰው ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም የለም። አማካዩን የምናጠናው የፊታችን ሰው በምን እንደሚለይ ለማየት ነው። ግንባሩ ከፊቱ አንድ ሦስተኛ ይበልጣል? ዓይኖቹ ተቀራርበዋል? አገጩ አጭር ነው? ሁለት ወይ ሦስት ልዩነት ካገኛችሁ መመሳሰሉ ከሞላ ጎደል መጣ ማለት ነው።

ራስ ሲዞርና ሲያዘነብል መስመሮቹ አብረው ይዞራሉ። ሰውየው ጎንበስ ሲል የቅንድብና የአፍንጫ መስመሮች ወደ ታች ይጎብጣሉ፣ አናቱ ሰፍቶ ይታያል፣ ጆሮው ከዓይኑ አንጻር ከፍ ይላል። ቀና ሲል ተቃራኒው ነው፤ ጆሮ ይወርዳል፣ የአገጭ ሥር ይታያል። እሳት እፍ የምትል ሴት ጆሮ ከዓይኗ በላይ ሊታያችሁ ይችላል። ያያችሁትን ሳሉ። ፊቱ ትንሽ ወደ ጎን የዞረ ከሆነ ደግሞ የራቀኛው ዓይን ይጠባል፣ መሐለኛው መስመር ወደዚያኛው ጉንጭ ይጠጋል። ሁለቱን ዓይን እኩል ካደረጋችሁ አፍንጫው ብቻ የዞረ ሰው ይወጣል።

በፎቶ የምትለማመዱ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ። ስልክ ፊት ላይ ተጠግቶ ያነሳው ፎቶ አፍንጫን ያሳብጣል፣ ጆሮን ያሸሻል። ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቃችሁ አንሱ። ሰልፊ ለመሳል አይሆንም።

በረካ፦ ጥላ

መብራት ሲጠፋ አትናደዱ። አንድ ሻማ ከአምፖል ይሻላል። ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ሲመጣ ፊት ይገለጣል፤ ከሁሉም አቅጣጫ ሲመጣ ይጠፋል።

መጀመሪያ እንቁላል ላይ ተለማመዱ። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና ሻማውን በጎኑ አብሩ። በብርሃን በኩል አንዲት ደማቅ ቦታ ታያላችሁ፣ ከዚያ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ፣ ከዚያ በጣም የጠቆረ ቀበቶ። ከቀበቶው ወዲያ ግን ትንሽ ይፈካል፤ ከወረቀቱ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ነው። እንቁላሉ ወረቀቱ ላይ የሚጥለው ጥላ ደግሞ ለብቻው አለ፣ እንቁላሉ ሥር በጣም ጥቁር ሆኖ እየራቀ የሚሳሳ። ተመላሹን ብርሃን በጣም አታፍኩት። የጥላው ወገን ነው፤ ከብርሃኑ ወገን መብለጥ አይችልም።

አሁን ወደ ፊት። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ በሽፋሽፍታችሁ መሐል እዩ። ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋል፣ ሁለት ነገር ይቀራል፤ የጠቆረና የበራ። ያ የደሴ ጉም ነው፤ ቤታችሁ ድረስ መጣ። የጠቆረውን በሙሉ በእርሳሱ ጎን እኩል አጥቁሩ። የዓይን ጉድጓዱ፣ የአፍንጫው ጎን፣ የአገጩ ሥር፣ አንገቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ የተያያዘ ቅርጽ ናቸው። እዚህ ላይ አቁማችሁ ሁለት ሜትር ርቃችሁ እዩት። ሰውየው መሰለ? ካልመሰለ ዓይን ቢጨመርበትም አይመስል።

ከኢንተርኔት የምንማረው ትምህርት አብዛኛው በነጭ ፊት ላይ የተሠራ ስለሆነ ጠይም ፊትን በነጭ ወረቀት ላይ ስንሞክር ግራ ይገባናል። ጠይም ቆዳ ላይ የሚያብረቀርቁት ቦታዎች ጎልተው ይታያሉ፦ ግንባር፣ ጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ጀርባ፣ የታችኛው ከንፈር። ካኪ ፖስታው ለዚህ ነው። ቅደዱና ዘርጉት። የወረቀቱ ቀለም መካከለኛውን የቆዳ ድምቀት ይሆናል። ጥላውን በከሰል ወይም በ4ቢ፣ የሚያብረቀርቀውን በጠመኔ። ጠመኔውን ቆጥቡት፤ አራት አምስት ቦታ ይበቃዋል። ከሰሉና ጠመኔው እንዳይነካኩ፤ ከተቀላቀሉ አመድማ ይሆናሉ። የዚህ ዘዴ ደስታው ግማሹን ሥራ ወረቀቱ ራሱ መሥራቱ ነው። እኔ ከዚህ ወዲህ በነጭ ወረቀት ፊት ስስል እንደ ቅጣት ነው የምቆጥረው።

አሁን ዓይን

ደረስን። አጭር ነው።

ዓይን ድቡልቡል ኳስ ነው፣ ሽፋኖቹ ደግሞ የለበሰው ልብስ። የላይኛው ሽፋን ኳሱ ላይ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ የዓይን ነጩ ነጭ አይደለም፤ በተለይ ከላይ በኩል ጠቆር አድርጉት። ሽፋሽፍትን አንድ በአንድ አትቁጠሩ፤ የላይኛውን ሽፋን ጠርዝ ማጥቆር ይበቃል። የአፍንጫን ዙሪያ በመስመር አትክበቡ፤ ከሥሩ ያለው ጥላ ይበቃዋል። ብርሃን ከላይ ከመጣ የላይኛው ከንፈር ይጠቁራል፣ የታችኛው ይበራል። ጥርስ ከታየ በጥርሶች መሐል መስመር አታስምሩ። የሚስቅ ሰው ስላችሁ የሚያስፈራ ከሆነ ጥፋቱ እሷ መስመር ናት።

ሻሽና ጋቢ

የጨርቅ እጥፋት ዝም ብሎ አይመጣም። ከተያዘበት ቦታ ይነሳል። ጋቢ ትከሻ ላይ ተይዟል፣ ክርን ላይ ተደግፏል፤ እጥፋቶቹ ከእነዚህ ነጥቦች እየተነሱ ይወርዳሉ። መጀመሪያ የተያዘበትን ነጥብ ፈልጉ። ከዚያ ትላልቆቹን ሦስት አራት እጥፋቶች ብቻ ሳሉ። ሻሽም ራስን መሸፈኑን አትርሱ፤ ቅሉን አስቀድማችሁ ካልሠራችሁ ሻሹ ባዶ ዘንቢል ይሆናል። ሹሩባ ከሆነ እያንዳንዱን ጉንጉን ትታችሁ ጉንጉኖቹ በቅሉ ላይ እንዴት እንደሚዞሩ ተከተሉ።

በየቀኑ ስንት?

ግማሽ ሰዓት። አሥር ባለ ሠላሳ ሰከንድ ስዕል አምስት ደቂቃ ይወስዳል፣ አምስት ባለ ሁለት ደቂቃ ደግሞ አሥር። በቀሪው ሩብ ሰዓት አንድ ነገር ረጋ ብላችሁ ሳሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ፊት አትንኩ፤ ሰውነትና ልክ ብቻ። ሦስተኛው ላይ የራስ ቅል፣ አራተኛው ላይ ጥላ። ሰው ያጣችሁ ቀን መስታወት አለ። መስታወት ፊት ያለው ሞዴል አይሰለችም፣ ሻይም አይጠይቅም።

ስዕሉ አንድ ችግር ኖሮበት ምን እንደሆነ ካልገባችሁ ወረቀቱን ወደ መስታወት አዙሩትና እዩት፤ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱና ገልብጡት። የተንጋደደው ዓይን ወዲያው ይታያል። ሲገለበጥ አዲስ ስዕል ይሆንባችኋልና ዓይናችሁ የለመደውን ይቅር ማለት ያቆማል።

በሠላሳኛው ቀን መጀመሪያ የሳላችሁትን ሰው እዚያው ቦታ አስቀምጡና እንደገና ሳሉት። እኔም አክስቴን ደግሜ ሳልኳት፣ በካኪ ላይ፣ በጠመኔ። እሷም ወደደችው። ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ግን ያቺን ከጀርባዋ የተጫረችውን ነው። ከደብተሬ ገንጥላ ወስዳ ከረከቦቱ በላይ በስፒል ወጋቻት። ከአንድ ወር በኋላ ብመለስ ጭሱና የጎረቤት ጣት አድበስብሷት ሻሹ ከጀርባው ጋር ተቀላቅሏል። ስለዚህ የመጨረሻው ደረጃ ይሄ ነው፦ ለሰው የምትሰጡትን ስዕል ከመስጠታችሁ በፊት ደጅ አውጡትና በፀጉር ስፕሬይ ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ርጩት። ከአንድ ክንድ ርቀት ይሁን፤ ከቀረባችሁ ወረቀቱ ነጠብጣብ ያወጣል።